ከስልሳ በላይ ሣጥን የለም

ከስልሳ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ስንት ነው? አንተን ነው የምጠይቀው፤ ወደ ጎን አትይ። ስልሳ አንድ አልክ? ጎበዝ። አንደኛ ክፍል የገባችው የጎረቤቴ ልጅም እንደዚያው ነው የመለሰችልኝ፤ ያውም ጣቷን ሳትቆጥር። እንግዲህ ሦስት መቶ ሠራተኛ፣ ሁለት መሐንዲስ፣ አንድ ሥራ አስኪያጅና አንድ የቅጽ ክፍል ያለው የዘይት ፋብሪካ ይህንኑ ቁጥር ዘጠና አራት ቀን ሙሉ ፈልጎ አጣው ብልህ «አበዛኸው» እንዳትለኝ። ያበዛሁት ነገር የለም። እህቴ ልትከሰስ ነው፤ ወንድሟ ቢያጋንን የሚጎዳው እሷን ነው።

እህቴ የፋብሪካው የሙቀት መዝጋቢ ናት። ሥራዋ እንዲህ ነው። የዘይት ፍሬ ተጨምቆ ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረው ፋጉሎ ነው፤ ለከብት መኖ ይሸጣል። ፋብሪካው ፋጉሎውን የሚያከማቸው ከግቢው ጀርባ በቆሙ ሁለት የብረት ጎተራዎች ነው፤ እያንዳንዳቸው ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ያህላሉ። ፋጉሎ ሲያዩት ገራም ነው፣ አፈር ይመስላል። ነገር ግን እርጥበት ነክቶት ተከምሮ ከተተወ፣ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ከራሱ ሆድ ውስጥ ይግላል፤ ሲብስበት ይጨሳል። በዚያ ላይ ብናኙ አየር ውስጥ ከተነሣ ባሩድ በለው። ስለዚህ በየጠዋቱ አንድ ሰው በጎተራው ጎን በተተከለው ቱቦ ረጅም ቴርሞሜትር አስገብቶ ሙቀቱን ያነባል፣ ቅጽ ላይ ያሰፍራል። ያ ሰው ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እህቴ ነበረች። ሠራተኛው «ዲግሪ» ይላታል። እሷም «ትምህርት ቤት የነፈገኝን ጎተራ ሰጠኝ» ትላለች።

ቅጹን ልግለጽልህ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነውና። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ከላይ ቀን፣ ከታች ፊርማ፣ መሐሉ ላይ የተደረደሩ ሣጥኖች፤ ከሃያ ይጀምሩና ስልሳ ላይ ያበቃሉ። መዝጋቢዋ በትክክለኛው ሣጥን ውስጥ የኤክስ ምልክት ታደርግና ትፈርማለች። ስልሳ ላይ ለምን አበቃ? ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ሞኝ ስለነበረ አይደለም። ደንቡ «ስልሳ ሲደርስ ጎተራው ይራገፍ» ይላል። ሰውዬው ስልሳ የደረሰ ፋጉሎ ጎተራ ውስጥ የሚያቆይ ጤነኛ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም፤ ስለዚህ ሣጥን አላባከነም። በሰው ላይ የነበረው እምነት ነው ያቃጠለን።

በዝናቡ ወራት የአንደኛው ጎተራ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ውሃ ገባ፣ ፋጉሎው ራሰ፣ ሙቀቱ ሽቅብ ወጣ። አንድ ሰኞ ጠዋት እህቴ ቴርሞሜትሩን ስታወጣ ስልሳ ሦስት አነበበች። ወረቀቷን ይዛ በቀጥታ ወደ ቅጽ ክፍል ኃላፊው ሄደች። ይህ ሰው ከእጁ ማስመሪያ የማይለይ፣ ሲያናግሩት እንኳ የሰውን ቁመት በዓይኑ የሚለካ ሰው ነው።

«ስልሳ ሦስት ገብቷል» አለችው።

«የት ገባ?»

«ጎተራው ውስጥ ነዋ!»

«ቅጹ ላይ የት አስገባሽው?»

«ቦታ የለውማ።»

«እንግዲያው አልገባም» አለና ወረቀቱን መለሰላት።

ተያይዘው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገቡ። ሥራ አስኪያጁ ሲያዩት ክፉ ሰው አይመስልም። ሰው ሲናገር ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አይገኝም፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ፍራ።

«ጎተራው ዛሬውኑ ይራገፍ» አለችው እህቴ።

«መጭመቂያው ሁለት ቀን ይቁም ማለትሽ ነው?»

«አዎ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ጌታዬ።»

«ቅጠሉ ግዥ ላይ ነው።» አልሳቀም። «ማለቴ የጣሪያው ቆርቆሮ ግዥ ላይ ነው። እሱ ሲመጣ ሁሉንም ባንድ ላይ እናደርገዋለን።»

«እስከዚያ እኔ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ወደ ኃላፊው ዞረ። «አዲስ ቅጽ ይታተም። እስከ ሰማንያ አድርገው።»

«ማተሚያ ቤቱ ሦስት ወር ይፈጅበታል» አለ ኃላፊው።

«በቃ፣ ለሦስት ወር ስልሳ ላይ ምልክት አድርጊ።»

«ውሸት ልፈርም?»

«ምን ውሸት አለው? እህቴ፣ እስቲ ረጋ ብለሽ አስቢው። ስልሳ ሦስት ውስጥ ስልሳ የለም?»

«አለ።»

«አየሽ! ያለውን ነው የምትጽፊው። ሦስቷን ብቻ ነው የምትተይው።»

በዚያኑ ቀን እህቴ ከሥራ ወጥታ እኔ ቤት መጣች። ታላቄ ናት፤ ምክር ስትጠይቀኝ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። «ምን ላድርግ?» አለችኝ። እኔ፣ በጋዜጣ ላይ ባለሥልጣን ስሞግት የኖርኩ ሰው፣ ስለ ሦስት ዲግሪ ምን አልኳት መሰለህ? «ዝም አይነቅዝም እትዬ። የልጆች እናት ነሽ፤ የታዘዝሽውን ጻፊ» አልኳት። ዝም አይነቅዝም፣ እውነት ነው። ፋጉሎ ግን ዝም ሲሉት ይግላል።

ደግነቱ ምክሬን ግማሹን ብቻ ነው የሰማችው። ከማግስቱ ጀምሮ በቅጹ ፊት ስልሳ ላይ ምልክት አደረገች፣ ፈረመች፤ ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው ትክክለኛውን ቁጥር በእርሳስ ጻፈች። ስልሳ ስድስት። ሰባ አንድ። ሰባ አራት። የሰኞዋን ስልሳ ሦስትም አልረሳችም። በየጠዋቱም የሥራ አስኪያጁን በር አንኳኩታ የጀርባውን ቁጥር በአፏ ትነግረው ነበር። እሱም በየጠዋቱ «ሰምቻለሁ» ይላል። ይህችን «ሰምቻለሁ» ያዝልኝ፤ ኋላ እፈልጋታለሁ።

አሁን ስለ ግድግዳው። የጎተራው ጎን ከግቢው የኋላ በር አጠገብ ነው፤ በሩን የሚጠብቁት ሽማግሌ ጋሼ ካፖርት ይባላሉ፤ ያችን ካፖርት በበጋም በክረምትም አያወልቋትም ነበርና። ጎተራው መሞቅ ሲጀምር ጋሼ ካፖርት ካፖርታቸውን አወለቁ። ዝናብ ያራሳትን ካፖርት ብረቱ ላይ ሰቀሏት፣ በሩብ ሰዓት ደረቀች። ወሬው ተሰማ። ሠራተኞቹ የምሳ ዕቃቸውን ግድግዳው ሥር መደርደር ጀመሩ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ምግባቸው ትኩስ ይሆናል። ከዚያ የሠፈሩ ሴቶች በኋላው በር ልብስ ይዘው መጡ። ያ ሁሉ ዝናብ እየዘነበ የማንም ልብስ በማይደርቅበት ሰሞን፣ በጎተራው ዙሪያ ገመድ ተወጥሮ፣ አንሶላው፣ የተማሪ ዩኒፎርሙ፣ የሕፃን ልብሱ ተሰጥቶ ታየ። «እግዜር ይስጠው ፋብሪካውን፣ ለሠፈሩ አሰበ» ተባለ። ሥራ አስኪያጁም በመስኮት አየና «የማኅበረሰብ አገልግሎት» ብሎ ሪፖርት ውስጥ አስገባው።

እኔም ሄጃለሁ። አልዋሽህም። ወገቤን ያመኛል፤ አንድ ቀን እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ሙቀቱ እስከ አጥንቴ ገባ።

«እንዴት ነው?» አሉኝ ጋሼ ካፖርት።

«ሐኪም ቤት ሦስት ወር ብመላለስ ይህን አላገኝም!»

እህቴ ከኋላዬ መጣችና ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። «አንተ ልጅ፣ ምን ላይ እንደተደገፍክ ታውቃለህ?»

«ግድግዳ ላይ ነዋ።»

«ሰማንያ ስምንት ላይ ነው የተደገፍከው!»

«ተይው እንጂ ዲግሪ» አሉ ጋሼ ካፖርት፣ «እኔ ዐርባ ዓመት በር ስጠብቅ የሞቀኝ ዘንድሮ ነው። ደግሞ እዚያ ለጥፈሽዋል፣ ስልሳ ይላል።» እውነት ነው፤ የዕለቱ ቅጽ ቅጂ በጎተራው በር ላይ ይለጠፋል። የፊቱ ብቻ።

ሙቀቱን የተጠራጠረች አንዲት ድመት ብቻ ነበረች። ግድግዳው ሥር ሦስት ልጆች ወልዳ ነበር። በዐርባኛው ቀን ገደማ ልጆቿን አንድ በአንድ በማጅራታቸው ነክሳ ከመንገዱ ማዶ ወሰደቻቸው። ድመቷ ቅጽ አትሞላም።

ሃምሳኛው ቀን ላይ ኃላፊው መፍትሔ አመጣ። ችግሩ ቴርሞሜትሩ ነው አለ። አሮጌው እስከ ሁለት መቶ ያነባል፤ ሠራተኛ ከተፈቀደው በላይ እንዲያይ ያደርጋል። ስለዚህ ከቅጹ ጋር የሚስማማ፣ እስከ ስልሳ ብቻ የሚያነብ አዲስ ቴርሞሜትር ተገዛ። እህቴ ቱቦው ውስጥ አስገባችው። ቀዩ ፈሳሽ ወጣ፣ ወጣ፣ ስልሳ ላይ ሲደርስ መሄጃ አጣና ብርጭቆውን ሰብሮ ፈሰሰ። ፈሳሹ እንኳ ስልሳ ላይ አልቆምም አለ! በሳምንት ስድስት ተሰበረ። ምን የሆነ ይመስልሃል? ለእህቴ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት፦ «በተደጋጋሚ ቴርሞሜትር በመስበር ባሳዩት ግዴለሽነት…» ሰባተኛው ቴርሞሜትር እንዳይሰበር ደግሞ ከጎተራው ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ ምስማር ላይ እንዲንጠለጠል ታዘዘ። እዚያ ሃያ ሦስት አነበበ። «ሃያ ሦስት ልጻፍ?» ብትለው ኃላፊው ደነገጠ። «አይሆንም! በአንድ ጊዜ ከወረደ ጥያቄ ያስነሣል። ስልሳውን ቀጥይ።»

እሷ ግን አሮጌውን በፎጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃው ነበር። በየጠዋቱ ሰው ሳይመጣ ቀድማ ገብታ እውነቱን ታነባለች፣ በጀርባው ትጽፋለች፣ የሥራ አስኪያጁን በር ታንኳኳለች። መቶ ሁለት። «ሰምቻለሁ።» መቶ ዘጠኝ። «ሰምቻለሁ።» አንድ ቀን ቢመራት «ከሰሙ ምን አደረጉ?» አለችው። «ማዳመጥም ሥራ ነው» አላት።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ከየፋብሪካው የሚላከውን ቁጥር በመስመር ይሥላል። የሌሎቹ ፋብሪካዎች መስመር እንደ ሰው ልጅ ሕይወት ከፍ ዝቅ ይላል፤ የእኛው ብቻ እንደተወጠረ ገመድ ቀጥ ያለ ነው። «ያለ አንዳች መዋዠቅ ለተመዘገበው የሙቀት መረጋጋት» ምስጋና ተጻፈ። ምስጋና ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሌሎቹ ፋብሪካዎች ሰው ልከው ከዚህኛው እንዲማሩ ታዘዘ። እንግዶች ሊመጡ ነው!

እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጸዳል። የጎተራው አናትና የውስጥ መተላለፊያው በፋጉሎ ብናኝ ተሸፍኖ ነበር፤ ጣትህ የሚሰምጥበት አቧራ። እንግዶቹ በሚመጡበት በዘጠና አራተኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ሁለት የጽዳት ሠራተኞች ኮምፕሬሰር ይዘው መሰላሉን እንዲወጡና አቧራውን በአየር ግፊት ነፍተው እንዲያስወግዱ ታዘዙ። ያን ጠዋት እህቴ ያነበበችው መቶ ሠላሳ አንድ ነው። ቱቦው ውስጥም ጭስ ሸቷታል። ወደ ሥራ አስኪያጁ ሮጠች። በአዲስ ሱፍ፣ ንግግሩን በእጁ ይዞ ወደ አዳራሽ እየገባ ነበር።

«መቶ ሠላሳ አንድ! ይጨሳል!»

«ሰምቻለሁ። ከንግግሩ በኋላ።»

ወደ ጎተራው ስትመለስ ሁለቱ ሰዎች አናቱ ላይ ናቸው። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው፤ ቀጥሎ የሆነውን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። የኮምፕሬሰሩን የአየር ማስተላለፊያ ጎማ በአናቱ መደገፊያ ብረት ላይ አስረው፣ አፉን ወደ ውስጥ አዙረው፣ አየሩን ገና መክፈታቸው ነበር።

«ውረዱ!» ብላ ጮኸች። «ውስጡ እሳት ነው! አቧራውን ካስነሣችሁት ይፈነዳል!»

«ምን እሳት አለ ዲግሪ?» አለ ረጅሙ። «በሩ ላይ ስልሳ ይላል እኮ፤ አሁን አንብበነው ነው የወጣነው።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት!»

«እና?»

«ውሸት ነው! ዋሽቼ ነው!»

«ዘጠና ቀን ሙሉ?» አለ አጭሩ፣ ሥቆ። «ሂጂ እባክሽ፣ ሥራ ላይ ነን።»

እስቲ አስበው። የገዛ ፊርማዋ ነው የሚከራከራት። ቁጥር አላዳናትም፣ ልመና አላዳናትም። ያን ጊዜ እህቴ፣ በሕይወቷ ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ሴት፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ሰደበቻቸው። ምን እንዳለቻቸው ሁለቱም ሊነግሩኝ አልፈለጉም። «እናታችንን ጨምራ ነው» ብቻ አለኝ ረጅሙ፣ አሁንም ጆሮው እየቀላ። እንዲያ ተሰድቦ ጎተራ ላይ የሚቀር ወንድ የለም። ጎማውን እንደታሰረ፣ አየሩን እንደተከፈተ ትተው፣ መሰላሉን እየዘለሉ ወረዱ። እሷ እየተሳደበች ሮጠች፤ እነሱ እየዛቱ ተከተሏት። በጋሼ ካፖርት በኩል ስታልፍ «ጋሼ፣ ይሽሹ!» አለች። ሽማግሌው ተነሥተው አሥር እርምጃ ሄዱ። ከዚያ «ካፖርቴ!» ብለው ተመለሱ።

እህቴ ከግቢው የሲሚንቶ ግንብ ኋላ ስትታጠፍ፣ ረጅሙ ትከሻዋን ጨብጦ «አሁን የተናገርሽውን ድገሚው!» ሲላት፣ ጎተራው ፈነዳ።

የጎተራው ክዳን ሰማይ ላይ ተገለባብጦ «እንኳን ደህና መጣችሁ» በሚለው ሸራ ላይ ወረደ። የሠፈሩ አንሶላ እየነደደ በአየር ላይ በረረ። አዳራሹ ውስጥ የመስኮቱ መስተዋት ሁሉ ሲረግፍ መጋረጃው ያዘው። ሥራ አስኪያጁ «መረጋጋት የሥራ ባህላችን ነው» የሚለው ላይ ደርሶ ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ ለክብሩ የተተኮሰ መስሎት አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ንግግሩ አርባ ደቂቃ ባይረዝም ኖሮ እንግዶቹ በዚያ ሰዓት ጎተራው ሥር ይቆሙ ነበር። ኋላ በሪፖርቱ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ስማ፦ «ንግግሩ እንዲረዝም በመደረጉ የሰው ሕይወት ማዳን ተችሏል።»

የሞተ ሰው የለም፤ ለዚህ ስድብ ይመስገን። ጋሼ ካፖርት ግን ሁለት እጃቸው እስከ ክርናቸው ተቃጠለ፤ ግራ ጆሯቸው አይሰማም። ሆስፒታል ስጠይቃቸው «ካፖርቷስ?» አሉኝ። ዋሸኋቸው።

እሳቱ ሁለት ቀን ነደደ። ከጎተራው አጠገብ የነበረው የዘይት ታንከር በሙቀቱ ተሰነጠቀ። እሳት አደጋዎቹ ውሃ አርከፈከፉ፣ አረፋ ረጩ፤ እነሱ ሥራቸውን ነው የሠሩት። ነገር ግን ያ ሁሉ ውሃ፣ ያ ሁሉ ዘይት፣ ያ ሁሉ አመድና አረፋ መሄጃ አለው? አለው። ከፋብሪካው ሥር ወንዝ አለ። በሦስተኛው ቀን ወንዙ ጥቁር ሆኖ፣ በላዩ የዘይት ቆዳ ለብሶ ወረደ። ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ። ከታች በወንዙ ውሃ ጎመንና ሽንኩርት የሚያለሙት ሰዎች ማሳቸው በሳምንት ውስጥ በቁሙ ቢጫ ሲሆን አዩ። ከብት ውሃው ጋ ይደርስና አሽትቶ ይመለሳል፤ ጠምቶት፣ እየጮኸ። ጥቀርሻው ጣሪያ ላይ፣ አልጋ ላይ፣ ሕፃን ሳንባ ውስጥ ገባ። የእህቴ ትንሿ ልጅ እስካሁን ትስላለች።

ወንዙን የሚመረምረው ማን ሆነ? የቅጽ ክፍል ኃላፊው! «የአካባቢ ጥበቃ ተጠባባቂ» ተብሎ ተሾመ። ለወንዙም ቅጽ አዘጋጀ። ሁለት ሣጥን ነው ያለው፦ «ንጹሕ» እና «ትንሽ የደፈረሰ»። እህቴን ጠርቶ ወንዙ ዳር ሄዳ አይታ እንድትሞላ አዘዛት። «መዝጋቢ ነሽ፣ ልምድ አለሽ» አላት።

እህቴ ወረቀቱን ተቀበለች። ወንዙ ዳር ወረደች። ቅጹን በሁለት እጇ ይዛ ውሃው ውስጥ ነከረችው፣ አገላበጠችው፣ አወጣችው። ያንን ጥቁር፣ ዘይት የሚያንጠባጥብ ነገር በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ መንገዱን ሁሉ፣ ደረጃውን ሁሉ እያቆሸሸች መጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይኸው፣ ሞልቼዋለሁ» አለች።

«የቱ ሣጥን ላይ ነው ምልክት ያደረግሽው?» አላት፣ በማስመሪያው ጫፍ ወረቀቱን እየነካካ።

«ሁሉም ላይ።»

በማግስቱ ከሥራ ታገደች። አጣሪ ኮሚቴውም ውጤቱን አወጣ። እንዲህ ይላል፤ ቃል በቃል ነው የምጠቅስልህ፦ «በመዝገቡ መሠረት የጎተራው ሙቀት እስከ አደጋው ቀን ድረስ ከስልሳ ዲግሪ አላለፈም። ስልሳ ዲግሪ ላይ እሳት አይነሣም። ስለዚህ ወይ እሳት አልተነሣም፣ ወይ መዝጋቢዋ ሐሰት መዝግባለች።» እሳት አልተነሣም እንዳይሉ ክዳኑ ገና ሸራው ላይ ተጋድሟል። ስለዚህ ሁለተኛውን መረጡ። ፊርማው የእሷ ነው፤ ዘጠና አራት ፊርማ። የሽማግሌው እጅ፣ የወንዙ ዓሣ፣ የገበሬው ሽንኩርት፣ ሁሉም በእሷ ስም ሊጻፍ ነው።

«ጀርባውስ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ወረቀቶቹን ገልብጣችሁ አይታችኋል?»

ኮሚቴው የደረሰው ፎቶ ኮፒ ነው። ፎቶ ኮፒ ጀርባ የለውም። ዋናዎቹ ወረቀቶች ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ በብረት ካቢኔት ተቆልፈዋል፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ደብዳቤ ጻፍኩለት፣ አልመለሰም። በሩን አንኳኳሁ፤ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠኝና ምን አለኝ? «ሰምቻለሁ።»

እዚህ ላይ ተበሳጭቼ ዝም ልል እችል ነበር። ነገር ግን ትናንት በፋብሪካው የኋላ በር አለፍኩ። ከቃጠሎው የተረፈው ፋጉሎ፣ እሳት አደጋ ያረጠበው፣ «እንዳይባክን» ተብሎ ሁለተኛው ጎተራ ውስጥ ተገልብጧል። የእህቴን ቦታ የያዘ አዲስ መዝጋቢ አለ። አዲሱ ቅጽም ከማተሚያ ቤት መጥቷል፤ እስከ ሰማንያ ነው። የዕለቱ ቅጂ በሩ ላይ ተለጥፏል። ሰማንያ ላይ ኤክስ አለ። ከትናንት በስቲያም ሰማንያ ነበር አሉኝ፤ ከዚያም በፊት። አንዲት ሴት ገመድ እየወጠረች ነበር። መዳፌን ግድግዳው ላይ አደረግሁ፤ ቶሎ አነሣሁት።

ስለዚህ አንተ ሥራ አስኪያጅ፣ ይህ ለአንተ ነው፤ ስምህን ያልጻፍኩት ሠፈሩ ሁሉ ስለሚያውቀው ነው። ካቢኔቱን ክፈት። ዘጠና አራቱን ወረቀት ይዘህ ወንዙ ዳር ውረድ፤ እኛ እዚያ እንጠብቅሃለን፤ ጋሼ ካፖርትም በፋሻ እጃቸው ይመጣሉ፣ በደህናው ጆሯቸው በኩል ቁም። ወረቀቶቹን በሰው ፊት አንድ በአንድ ገልብጣቸው፣ በጀርባቸው በእርሳስ የተጻፈውን በዚያ ለስላሳ ድምፅህ አንብብ። ከዚያ ለአንዲት ጥያቄ በአደባባይ መልስ ስጠን፦ በየጠዋቱ «ሰምቻለሁ» ስትላት፣ የሰማኸው ስንት ነበር?